የኋላ ግራ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በኮትካ ወደብ ላይ፣
ክሬን ላይ ተሰቅዬ፣ በባሕርና በሰማይ፣
ግንድ አወረድሁኝ፣ ብረት አነሣሁኝ፤
ዛሬ በጡረታዬ
በስድስት ስፒከር፣ በገመድ ታሰርሁኝ።

የሲርኩ ሥራ ነው። ልጄ ድምፅ ለቃሚ፤
የባቡር፣ የንብ፣ የበረዶ ሰሚ።
በታኅሣሥ ጨለማ፣ ቀን በሚያጥርበት፣
አንድ ቪዲዮ ላከች፣ የድሮ ወደቤ ያለበት።
«አደራ» ትላለች፣ «በኮምፒውተሩ ጉሮሮ
እንዳትሰማው አባ፤ ባሕር አይገባም በቆርቆሮ።
ስድስት ማይክ ተክዬ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የቀዳሁት፤
ፊት ለፊት ሦስት አቁም፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት፤
ጎርናናውን ተወው፣ ወለል ላይ ይቀመጥ፤
እሱ እንደ ሰካራም ነው፣ የትም ቢያጓራ ቦታ አይመርጥ።»

ሜትር ለምኔ ነው! ሃያ ቶን በዓይን ያሳረፍሁ፣
ሁለት የእንጨት ሣጥን ከሶፋው እኩል አራራቅሁ።
ሄልቪ ከሹራቧ ቀና ሳትል፣ እንደ ጉምሩክ ሹም፣
«ያ ሣጥን» አለችኝ፣ «ከአበባዬ አጠገብ አይቆምም።»
ይኸው ነው ንግግራችን፣ በቀን አንዴ፣ ሁለቴ፤
ግራ ጆሮዋ ከሞተ ወዲህ፣ ጸጥ ብሏል ቤቴ።
ቀስ ብዬ ብናገር አትሰማም፤ ብጮኽ ትቆጣለች፤
እኔም መተው ለመድሁ፣ እሷም ለምዳለች።
ውጭ በረዶ ይወርዳል፣ እሱም የድምፅ ጠላት፤
ከውስጥም ከውጭም ጥጥ የጠቀጠቁት ቤት።

አረንጓዴው ለፊት፣ ጥቁሩ ለኋላ፣
ብርቱካኑ ለመሃል፤ ቀዳዳው ከዓይኔ ተጣላ።
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ፣
ሁሉን በየጎሬው ከተትሁ፣ በዳሰሳ ሰክቼ።

መርከቡ እንደ ሕልም ሄደ፤ ሞገዱ አፉን ከፈተ፤
አንዲት ጠብታ ድምፅ ግን አልመጣም፤ መንገድ ላይ ሞተ።
ማጫወቻው የድምፁን ቋንቋ አያውቅም ኖሯል፤ ሌላ ጫንሁበት፤
ሁለቱ ብቻ ተናገሩ፤ አራቱ ዝም አሉበት።
«ስቴሪዮ» የሚለውን ፍቄ፣ «አምስት ነጥብ አንድ» አልሁት፤
አምስቱን አውቃለሁ፤ ነጥቡን ግን ማን ያስረዳኝ? ዝም ብዬ አለፍሁት።

መፈተሻውን ነካሁ። የማሽኑ ሴት፣ ጉንፋን ይዟት የማያውቅ፣
ስም ጠራች እንደ አስተማሪ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ፦
«የፊት ግራ።» አቤት።
«የፊት ቀኝ።» አቤት።
«መሃል።» አቤት።
«የኋላ ቀኝ።» አለ።
«የኋላ ግራ።»

ምንም።

«የኋላ ግራ።»

እንደ ሄልቪ ጆሮ፣ ልክ እንደዚያው ግራ፤
«ለማን ብዬ ነው» አልሁ፣ «ይህን ሁሉ ሥራ?
ከዚያ በኩል ቢመጣ አትሰማው!» ልተወው ነበር ወደ ማታ፤
ግን የላላ ገመድ እያየ፣ ክሬን ነጂ ይተኛል ወይ ላፍታ?
አጥብቄ ሰካሁት። ጠረጴዛ ሥር ነኝ፤
ከየት እንደሆነ አላየሁ፤ ብቻ «አቤት» አለኝ።

መብራቱን አጠፋሁ። ወደቡ ሳሎን ገባ፤
ውሃው ድንጋይ ላሰ፤ ከሄልቪ አበባ
የባሕር ወፍ ጮኸች፤ ጎርናናው ከወለል፣
እንደ መርከብ ሞተር፣ በጉልበቴ በኩል ሽቅብ ይላል፣ ይላል።
ከዚያ፣ ከኋላችን፣
ያ ሻካራ ጡሩንባ፣ የፈረቃው ማብቂያ፣ ነፋ።

ሄልቪ ሹራቧን ጣለች።
ምንም ሳትል ተነሣች፤ ወደ ኩሽና አመራች፤
ቢላዋ ሰማሁ፣ ውሃ ሰማሁ፤ ድንች መላጥ ጀመረች።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዚያ ጡሩንባ ነበር
ድስቷን ስትጥድ የኖረች፤ እኔ ራት በገዛ እግሩ
የሚመጣ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ማን ይህን ይጠረጥር!

ግን በየት ሰማችው? ግራዋ አይሰማ!
ምንጣፉን ገለጥሁ፣ ባትሪ ይዤ በጨለማ፦
ሁለቱ የኋላ ገመዶች ተሻግረው ተኝተዋል፤
የግራው ወደ ቀኝ ሄዷል፣ የቀኙ ግራ ወጥቷል።
ላስተካክል እጄን ሰደድሁ፤ መልሼ ሰበሰብሁት፤
ምንጣፉን መለስሁና እንደነበር ተውሁት።

ሲርኩ ስልክ ደወለች፦
«አባ፣ የኋላ ግራው እንዴት ነው? በደንብ ይሰማል?»
«ጥርት ብሎ» አልኋት። «ድንቹ ሊበስል ደርሷል።»